እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም

(ስለ ጭርት፣ ስለ ቆረቆርና ስለ ልብስ አጠባ)



በዓል ሲቃረብ ከደምበጫ ዙሪያ ወደ ወንዝ የወረደ ሰው በየድንጋዩ ላይ ነጭ አረፋ ያያል። ጋቢው ይረገጣል፤ ነጠላው ይታሻል፤ ቡሉኮው ከወዲያና ከወዲህ ተይዞ ይጠመዘዛል። ዛሬ ሳሙና በየሱቁ ቢገኝም እንዶድ ወቅጣ ይዛ የምትወርድ እናት አሁንም አለች። እኔም ያደግሁት በእንዶድ በታጠበ ጋቢ ተጠቅልዬ ስለ ሆነ ይህን ተክል ለማናናቅ ብዬ አልጽፍም። የምጽፈው አንዲት አያት ለጠየቁኝ ጥያቄ በጊዜው በቂ መልስ ስላልሰጠሁ ነው።

እኒህ አያት ሰባት ዓመት የሆናትን የልጃቸውን ልጅ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ። እናቲቱም አብራ ነበረች። የልጅቱ ራስ በሻሽ ተጠምጥሟል። ሻሹ ሲፈታ ጠጕሯ በአራት ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ሆኖ ረግፏል፤ ቦታውም በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። ይህ እኛ ቆረቆር የምንለው ሕመም ነው። ነገር ግን ከቆረቆሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነበር። የራሷ ቆዳ እንደ ተቃጠለ ሁሉ ውኃ ቋጥሯል፤ አንድ ዐይኗም ቀልቶና አብጦ ተከድኗል። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ የተወቀጠ እንዶድ በውኃ ተለውሶ ራሷ ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። ልጆች «ቆረቆራም» እያሉ ስለ ሰደቧት ትምህርት ቤት መሄድ ከተወች ወር አልፏታል፤ እነርሱም ቶሎ ትዳንልን ብለው ነው።

እኔ «ሁለተኛ እንዶድ እንዳትቀቡ» ብዬ ስቆጣ አያቲቱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፤ የጋቢ እድፍ የሚያስለቅቅ ነገር የራስ ቆረቆርን እንዴት አያስለቅቅም? ምኑ ነው ልዩነቱ?» እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የሳይንስ ሰዎችም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ተክሉ እንነጋገር። እንዶድ በአጥር፣ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሌላ ዛፍ ተደግፎ የሚያድግ ሐረግ መሰል ቍጥቋጦ ነው። የሳይንስ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። «የእኛ አጥር እንዶድ ያብባል እንጂ አያፈራም» የምትሉ ካላችሁ የያዛችሁት ወንዴውን ሊሆን ይችላል። ፍሬው በዘለላ ሆኖ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ይቀላል። ለአጠባ ኃይል ያለው ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ በፀሐይ የደረቀው መሆኑን እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አረፋውን የሚያወጣው በፍሬው ውስጥ ያለ ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው። ሳፖኒን እንደ ሳሙና ቅባትን ከውኃ ጋራ ያዋህዳል፤ እድፍ የሚለቀውም በዚህ ነው። ነገር ግን ሳሙና የሌለው አንድ ጠባይ ደግሞ አለው። ይህንንም ያወቅነው ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ ወርደው ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ያጠኑ ነበር። የብልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውኃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል። ዶክተሩ ከወንዙ ዳር ሲመለከቱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ውስጥ አድርገው ከእንዶዱ አረፋ ቢጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ። ስንቱ ሰው ያንን አረፋ እያየ አልፎት ይሆን! ከዚያ በኋላ ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረቱ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ጋራ ብዙ ዓመት በእንዶድ ላይ ሠሩ። በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጅ) ሁለቱ አብረው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ፈንገስንስ አይገድልም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ፈንገስ ማለት የሻጋታ ወገን ነው። እንጀራ በሞሰብ ውስጥ ከሰነበተ አረንጓዴና ነጭ ፀጕር የሚመስል ነገር ያበቅላል አይደል? የሰውን ቆዳ፣ ጠጕርና ጥፍር እየበላ የሚኖር የሻጋታ ወገን ደግሞ አለ። በገላ ላይ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ እየቀላ ሲሰፋ ጭርት እንለዋለን። በራስ ላይ ሲሆን ቆረቆር ነው። በእግር ጣቶች መካከል ሲገባ ቆዳውን ያነጣዋል፣ ይልጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ደረትና ጀርባ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ የሚያወጣው ቋቁቻም የፈንገስ ሥራ ነው።

በሀገራችን የሕክምና መጽሔት በ2005 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የታተመ አንድ ምርመራ የእንዶድ ፍሬ ጭማቂ እነዚህን የቆዳ ፈንገሶች በብልቃጥ ውስጥ እንዳያድጉ መግታቱን አሳይቷል። ሌሎች ተመራማሪዎችም ከእንዶድ ቅባት ሠርተው የጋሪ ፈረሶችን ቆዳ የሚያቆስለውን ፈንገስ አክመውበታል፤ አንዳንዶቹ ፈረሶች ሲድኑ አንዳንዶቹ አልዳኑም። ስለዚህ አያቲቱ ያሉት ከመሬት የተነሣ ወሬ አልነበረም። እንዶድ ፈንገስን ይጎዳል፤ ይህ እውነት ነው።

ታዲያ ለምን ከለከልኋቸው?

አንደኛው ምክንያት የገዛ ኃይሉ ነው። ሳፖኒን ፈንገሱን የሚገድለው ገላውን የሸፈነውን ስስ ሽፋን እየበሳ ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ ቅባት መሰል ነገር አለ፤ ሳፖኒኑ እርሱን ይይዝና ቀዳዳ ያወጣበታል፤ ፈንገሱም እንደ ተቀደደ ስልቻ ያለውን ያፈሳል። ነገር ግን የእኛም ደም፣ የአንጀታችንም ሽፋን፣ የዐይናችንም ብሌን እንዲሁ ዓይነት ሽፋን አላቸው። ሳፖኒን የፈንገሱን ሽፋን ከልጃችሁ ዐይን ሽፋን ለይቶ አያውቅም። በብልቃጥ ውስጥ ዐይን የለም፤ ቁስልም የለም። በልጅ ራስ ላይ ግን ሁለቱም አሉ፤ ያቺ ልጅ ከማከክ የተነሣ ራሷ ተቦጫጭሮ ነበርና እንዶዱ የገባው በዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቆረቆር ጠባይ ነው። ጭርት በቆዳ ፊት ላይ ስላለ የሚቀባ መድኃኒት ይደርስበታል። ቆረቆር ግን ወደ ጠጕሩ ሥር ይወርድና በጠጕሩ ውስጥ ይቀመጣል። እናንተ ገበሬዎች ስለ ሆናችሁ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻኝም፤ የሰርዶ አረም ላዩን ቢያጭዱት ሥሩ ካልተነቀለ ምን ይሆናል? ላዩን እንዶድ ብትለጥፉ፣ የብሳና ወተት ብታንጠባጥቡ፣ ነጭ ሽንኩርት ብታሹበት፣ ወይም ከሱቅ ውድ ቅባት ብትገዙ ያው ነው፤ ሥሩ ይቀራል። ስለዚህ የቆረቆር መድኃኒት የሚዋጥ ነው፤ በደም በኩል ዞሮ ወደ ጠጕሩ ሥር ይደርሳል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ክኒን ግሪስኦፉልቪን ይባላል። ሐኪሙ ልጁን መዝኖ ያዝዛል፤ የሚወሰደውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተ ሰብ ይሳሳታል። በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሲተው «ድናለች» ብለው ክኒኑን ያቆማሉ፤ ከዚያም ይመለሳል። ሌላው ነገር ክኒኑ በባዶ ሆድ ወይም በደረቅ እንጀራ ሲወሰድ በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ቅባት ይወዳል። ወተት ወይም ቅቤ ያለበት ወጥ ጥሩ ነው። የሚጾም ልጅ ከሆነ ዘይት የበዛበት ሽሮ ወይም የኑግ ልቁጥ ያለበት ምግብ ይስጡት እንጂ ጾም ነው ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህን ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ከልጅዋ ክኒን ተካፍላ እንዳትውጥ።

ራሱ እንደ እባጭ ተነፍቶ መግል የሚያወጣ ቆረቆርም አለ። ይህንን በምላጭ አትብጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

ጭርትና የእግር ጣት ፈንገስ በቅባት ይድናሉ። ክሎትሪማዞል ወይም ዊትፊልድ የተባለው ቅባት ዋጋው ብዙ አይደለም። ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ምልክቱ ቢጠፋም ሐኪሙ እስከ ነገራችሁ ቀን ድረስ አትተዉ። አንድ ነገር ግን ልለይላችሁ፦ በገላ ላይ የወጣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት በጥጥ ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ ይህ ቋቁቻ ላይሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ መጀመሪያ እንዲህ ነው። አትደብቁት። በጊዜ ከተያዘ በ6 ወር ወይም በ12 ወር መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ገንዘብ ይሰጣል።

አሁን ወደ እንዶድ እንመለስ፤ እርሱ ሥራው የት ነው? ሥራው ልብስ ላይ ነው፤ ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም። ልጅቱ ክኒኗን እየዋጠች ሳለ ያው ሻሽ፣ ያው ሚዶ፣ ያው ትራስ ከተመለሰላት ሕመሙም አብሮ ይመለሳል። ከረገፈ ቅርፊትና ከተሰበረ ጠጕር ጋራ የፈንገሱ ዘር በጨርቅ ላይ ለብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። አንድ ሚዶ ለአምስት ልጅ፣ አንድ ምላጭ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ አንድ የቅቤ ዕቃ ለቤቱ ጠጕር ሁሉ፤ ቆረቆር የሚዞረው በዚህ መንገድ ነው። በአንድ ቁርበት ላይ አብሮ መተኛትም ያስተላልፋል። ስለዚህ አንዱ ልጅ ከታመመ የሁሉንም ራስ እዩ።

ከብቱንም እዩ። ጥጃ ዐይኑ አካባቢ ግራጫ ክብ ቅርፊት ካወጣ እርሱም ጭርት ነው፤ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ጥጃ ሲያቅፉና ሲጎትቱ የሚውሉ ልጆች ክንዳቸው ላይ ጭርት የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ጥጃው እስኪድን ከልጆች መኝታ አርቁት።

የልብሱ አጠባ እንዲህ ይሁን። የደረቀውን እንዶድ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ ውቀጡ፤ ትናኙ ያስነጥሳል፣ ዐይንም ያቃጥላል። ልጆች በአጠገብ አይኑሩ። በርበሬና ቅመም በሚወቀጥበት ሙቀጫ ፈጽሞ አትውቀጡት፤ ለእንዶድ የተለየ ድንጋይ ይኑረው። የተወቀጠውን በውኃ ዘፍዝፋችሁ አረፋ ሲያወጣ በጨርቅ አጥልሉት፤ ልብሱን በዚያ ዘፍዝፋችሁ እሹት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የሕፃን ልብስ ከሆነ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ። በመጨረሻም በጠራራ ፀሐይ፣ በአጥር ላይ ሳይታጠፍ ዘርጉት። ሻሹን፣ የትራሱን ጨርቅና ሚዶውን ግን በእንዶድ ብቻ አትመኑ፤ 10 ደቂቃ በፈላ ውኃ ውስጥ ይቀቀሉ። መቀቀል የማይችል ሚዶ ከሆነ ጣሉትና ሌላ ግዙ።

እንዶድ ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወተትም ሆነ ቅጠል አትጨምሩበት።

ስለ እግር ጥቂት ልጨምር፤ የደምበጫ ሰው ይህን ሳይሰማ ማለፍ የለበትምና። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተዙሮ የተደረገና በ2012 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከመቶ ሰው 3.3 የሚሆኑት በቀይ አፈር ምክንያት የሚመጣው የእግር እብጠት ነበረባቸው። ሕመምተኞቹ ጫማ ማድረግ የጀመሩት በአማካይ ወደ 22 ዓመታቸው ገደማ ነው፤ ወደ ሕክምና የሄዱት ደግሞ እግራቸው ማበጥ ከጀመረ ከ5 ዓመት በኋላ። ይህ እብጠት እርግማን አይደለም፤ የሚተላለፍም አይደለም፤ በባዶ እግር ለብዙ ዘመን ከሚነካ አፈር የሚመጣ ነው። ነገር ግን ባበጠ እግር ጣቶች መካከል ፈንገስ ሲገባ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ በኩል ሌላ ጀርም ይገባል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የእግር ማቃጠል መጥቶ ሰውን በመከር ቀን አልጋ ላይ ያውለዋል። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2018 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የታተመ ጥናት እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቆዳውን ማለስለስ፣ መጠቅለል፣ ማንቀሳቀስና ጫማ ከካልሲ ጋራ ማድረግ ይህን የትኩሳት መነሣት እንደሚቀንስ አስረድቷል። ለዚህ እግር ግን ሳሙና እንጂ እንዶድ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ የሚያደርገውን ከላይ አይታችኋል። ታጥቦ ሲያበቃ በጣቶቹ መካከል በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ ፈንገስ እርጥበት ይወዳል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። እንዶድን የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ለኮሶ ትል፣ ለአባለዘር በሽታ፣ የእብድ ውሻ ለነከሰው ሰው፣ ከዚያም በስውር፣ ሳትፈልግ የጸነሰች ሴት ፅንስ እንዲወርድላት። ይህን መጻፍ ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ሳይነገር የቀረ ነገር ግን ሴቶችን ሲገድል ኖሯል። በሆድ ውስጥ የገባ እንዶድ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ የአንጀትን ሽፋን ይልጣል፤ ኃይሉ በበዛ ጊዜ ይገድላል። «እናቴ ጠጥታ ምንም አልሆነችም» የሚል አይታጣም። የአንዱ ቁጥቋጦ ፍሬ ከሌላው ይልቅ ብርቱ ነው፤ አረንጓዴው ከቀዩ ይለያል፤ በእፍኝ የተለካ ነገር መጠኑ አይታወቅም። እናቱን ያልገደለ እፍኝ ልጅቱን ሊገድል ይችላል።

ለኮሶ ትል በጤና ጣቢያ ክኒን አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ሩብ ሰዓት በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ክትባት ወደሚገኝበት ይሂድ፤ እንዶድ ከእብድ ውሻ በሽታ አያድንም። እርግዝናው ያስጨነቃት እህትም ጓዳ ውስጥ ተደብቃ ከምትጠጣ ወደ እኛ ትምጣ፤ የምትናገረው በምስጢር ይያዛል። የጠጣ ሰው ካለ ደግሞ አታስታውኩት፤ የቀረውን እንዶድ ጭምር ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ሊቆጡን ይችላሉ ብላችሁ የጠጣውን ነገር አትደብቁ።

ያቺ ልጅ ዐይኗ በሳምንት ውስጥ ዳነ፤ ክኒኗንም 8 ሳምንት ወሰደች። በኋላ ስትመጣ በረገፈው ቦታ ላይ ጠጕሯ እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ብሎ ነበር። አያቲቱ «እንግዲህ እንዶዴን ልጣለው?» አሉኝ። «አይጣሉት እማማ፤ ሻሹን በሚቀቅሉበት ቀን ጋቢውን ይጠቡበት» አልኋቸው።

እንዶዱን የምታኖሩበት ዕቃ ግን የእህልና የቅመም ዕቃ አይሁን። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ፈልጉና ልጅ ከማይደርስበት ከማገር ላይ ስቀሉት፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ካላችሁ «እንዶድ ነው፤ አይበላም» ብሎ በከሰል ይጻፍበት። ያጠባችሁበትንም አረፋ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ፣ ዓሣ ካለበት ውኃ ወይም ከምንጩ ራስ ላይ አታፍስሱ፤ ዓሣውንም እንደ ቀንድ አውጣው ይገድለዋልና ከውኃው ራቅ ብላችሁ መሬት ላይ ድፉት።